የብሩስ ናውማንን ኮሪደር በኪራይ ቤቴ መተላለፊያ

የቪዲዮ ኢንስታሌሽን፣ ማለትም ካሜራና ስክሪን በአንድ ቦታ ተደራጅተው የሚፈጥሩትን የሥነ ጥበብ ሥራ፣ በፎቶ ብቻ መማር ብዙም አላራመደኝም። ሥራው ገብተው የሚሄዱበት ነው፤ ፎቶው የሚያሳየው ግን ከውጭ የቆመ ሰው ያየውን ነው። ስለዚህ አንድ ሥራ መርጬ በአቅሜ መልሼ ልሠራው ተነሣሁ። ምርጫዬ አሜሪካዊው አርቲስት ብሩስ ናውማን በ1970 እ.ኤ.አ. የሠራው የቪዲዮ ኮሪደር ሆነ፤ ቤቴ ሌላ ባይኖረው ጠባብ መተላለፊያ አለውና።

የናውማን ኮሪደር ርዝመቱ 10 ሜትር ይጠጋል፣ ስፋቱ ግን 50 ሳንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። መጨረሻው ላይ ሁለት ሞኒተሮች ተደራርበው ወለል ላይ ተቀምጠዋል። አንዱ ቀድሞ የተቀረጸውን ባዶ ኮሪደር ያሳያል፤ ሌላው ከመግቢያው በላይ ከተሰቀለ ካሜራ የሚመጣውን የቀጥታ ምስል። ተንኮሉ ካሜራው ከኋላ መሆኑ ላይ ነው። ወደ ስክሪኑ በቀረብክ ቁጥር ከካሜራው ትርቃለህ፤ ስለዚህ ራስህን ለማየት ስትጠጋ የምታየው እያነሰ የሚሄድ ጀርባህን ነው። ይህን ብዙ ጊዜ አንብቤው ነበር። ለሰውነቴ የገባው ግን ከሄድኩበት በኋላ ነው።

መተላለፊያዬ ሰፋ ስለሚል አንዱን ጎን በችፑድ አጠበብኩት። ርዝመቱ የናውማንን ግማሽም አይሞላም። ለቀጥታው ምስል መጀመሪያ የተጠቀምኩት በዋይፋይ የሚሠራ የደህንነት ካሜራ ነበር፤ ምስሉ ዘግይቶ ይደርሳል። እኔ ቆሜ ስክሪኑ ላይ ያለው ሰውዬ ገና እየተራመደ ነው! የሚገርመው፣ ይቺ መዘግየት ወደ ሌላ ሥራ ወሰደችኝ። ሌላው አሜሪካዊ አርቲስት ዳን ግራሃም በ1974 የሠራው የመስታወት ክፍል ውስጥ ካሜራው የሚያየው ሁሉ ከ8 ሰከንድ በኋላ ነው ሞኒተሩ ላይ የሚወጣው። መስታወቱ ሞኒተሩንም ስለሚያንጸባርቅ ከ8 ሰከንድ በፊት የነበርከው ውስጥ የ16ቱ፣ እሱ ውስጥ ደግሞ የ24ቱ እየታየ ይቀጥላል። ለግራሃም መዘግየት የሥራው ነፍስ ነው፤ ለናውማን ግን ሁሉን ያበላሻል፤ እግርህና ምስሉ እኩል ካልተንቀሳቀሱ ያ መደናገር አይመጣም።

መፍትሔው ከቆራሌ ተገኘ፦ ሆዱ ወደ ኋላ የተነፋ የድሮ ቴሌቪዥን። የድሮ አናሎግ ካሜራ በቢጫው የቪዲዮ ቀዳዳ በቀጥታ ሲገባበት መዘግየቱ ጠፋ። ለባዶው ኮሪደር ቪዲዮ የቆየ ታብሌት በቃኝ። ይህን ሁለተኛ ስክሪን መጀመሪያ እንደ ማሟያ ነበር የቆጠርኩት፤ አሁን ግን ያለ እሱ ሥራው ተራ የሱቅ ካሜራ ይሆናል ባይ ነኝ። አንተ ቆመህበት ያለው ቦታ አንተ ሳትኖርበት ሲታይ ያሳቅቃል።

ከሁሉ ያስተማሩኝ አከራዬ እትዬ ናቸው። ኪራይ ሊጠይቁ መጥተው ገቡና ስክሪኑ ላይ ነጠላ የለበሰ ጀርባ ሲያዩ፣ «ማነው እሱ?» ብለው ዞሩ። እሳቸው ወደ ካሜራው ሲዞሩ ፊታቸው ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ ግን አሁን ጀርባቸውን ለስክሪኑ ሰጥተዋል። መልሰው ሲዞሩ ፊቱ የለም። «ይሄ ነገር ይሸሻል እንዴ?» አሉኝ። ካነበብኳቸው ትንታኔዎች አንዱም እንዲህ አጥርቶ አላስቀመጠውም።

ለጀማሪዎች አንድ ነገር፦ ስፋቱን አትለፉት። ናውማን በ1968 ጠባብ መንገድ የሠራው ለቪዲዮ ቀረጻ፣ ራሱ ዳሌውን እያወዛወዘ ሊሄድበት ነበር፤ በኋላ ነው ያ መንገድ ለተመልካች ተከፍቶ ለብቻው ሥራ የሆነው። ትከሻህ ግድግዳውን ካልነካ አካሄድህ አይለወጥም።

አሁን ወደ ግራሃም እየሄድኩ ነው። 8ቱን ሰከንድ ኦቢኤስ በሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ውስጥ ያለው የቪዲዮ ማዘግያ ለዌብካም ያመጣዋል። የቸገረኝ መስታወቱ ነው። አንዱን ከቁም ሣጥኔ በር እፈታለሁ፤ ሁለተኛውን እትዬን መጠየቅ አለብኝ፣ እሱም ኪራዩን ከከፈልኩ በኋላ ነው።