ከመጻፍ በፊት ያለው ሰዓት

ምሽቱ ያለ ምክንያት ከብዶኛል። ሰማዩ ከቀትር ጀምሮ እንደ ጠቆረ ነው፤ ሊዘንብ እያለ አልዘነበም፤ እኔም የመመረቂያ ጽሑፌን ምዕራፍ ልጽፍ እያልሁ አልጻፍሁም። የጠረጴዛውን ልብስ አንሥቼ አራገፍሁ፤ ሦስቱን እርሳሶች ቀረጽሁ፤ ጀርባቸው ባዶ የሆኑትን የፎቶ ኮፒ ወረቀቶች ለረቂቅ እንዲሆኑኝ ለየሁ፤ ሻይ አፍልቼ አቀረብሁና ሳልቀምሰው እስኪቀዘቅዝ ተቀመጥሁ። ይህን ሥርዓት ከመጀመሪያ ዲግሪዬ ጀምሮ አልለወጥሁትም። እናቴ በበሩ ስታልፍ ጠረጴዛው መጽዳቱን ካየች «ዛሬ ልትጽፊ ነው» ብላ ሬዲዮኑን ትቀንስልኛለች።

ጓደኞቼም የየራሳቸው ሥርዓት አላቸው። አንደኛው ጫት ካልያዘ ብዕር አይጨብጥም፤ ምርቃናው ሲመጣ በአንድ ሌሊት ሃያ ገጽ ይጽፍና ጠዋት ሲያነበው ግማሹን ራሱ አያምንበትም። ሌላዋ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኝታ ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ትነሣለች፤ ጸሎቷን አድርሳ፣ ልጆቿ ሳይነቁ ሁለት ገጽ ጽፋ ወደ ሥራ ትሄዳለች። ከሁላችንም ቀድማ የምትጨርሰው እርሷ እንደምትሆን አልጠራጠርም። አሳይመንቱን በማስረከቢያው ዋዜማ ካልሆነ በቀር የማይጀምርም አለ። የቡድን ሥራ ሲሆን ደግሞ የአምስት ሰው ስም ተጽፎበት የአንድ ሰው እንቅልፍ የወሰደ ወረቀት ሁላችንም አይተናል። በዚህ ሁሉ ማንንም አልወቅስም። የሚያሳዝነኝ አንድ ልማድ ብቻ ነው፤ እርሱም ከዚህም ከዚያም ወረቀት ዓረፍተ ነገር ለቅሞ፣ ቃል ቃሉን እየቀያየሩ መስፋት ነው። እኔም በሁለተኛ ዓመት አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ። ጥሩ ማርክ አገኘሁበት፤ ዛሬ ግን በዚያ ወረቀት ላይ ከጻፍሁት አንዲት ነገር አላስታውስም።

የቀዘቀዘውን ሻይ ልደፋ ስነሣ አጎቴ ትዝ አሉኝ። ባለፈው ዓመት ለሕክምና ከጎጃም መጥተው ሁለት ወር እኛ ዘንድ ሲሰነብቱ፣ ማታ ማታ ከዚህ ጠረጴዛ ማዶ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር። ስንት ገጽ ደረስሽ ብለው አንድም ቀን አልጠየቁኝም፤ የሚጠይቁኝ «ዛሬስ ቆጠርሽ?» ብለው ነው። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ስለ ገቡ ለእሳቸው አንድን ነገር መድረስ ማለት መቁጠር ማለት ነው። ተማሪው በአኮፋዳው ለምኖ ያመጣትን ቁራሽ ቀምሶ፣ ከመንደሩ ራቅ ብሎ ከዛፍ ሥር ይቀመጥና ቅኔውን በልቡ ይሠራል፤ ብራናም ወረቀትም አይዝም። መጀመሪያ ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ ያላትን ጉባኤ ቃናን፣ እየዋለ ሲያድር ስድስት ቤት ያለውን ሥላሴን፣ ከዚያም ስምንት ቤት ያለውን መወድስን ይቆጥራል። የቆጠረውን ከየኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ የኔታም ያርሙታል፤ ቤቱ ካልመታ ወይም ምሥጢሩ ካልተገናኘ ነገ እንደገና መቁጠር ነው። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መልሶ ማቅረብ የለም። አጎቴ ጉባኤ ቃናን እስኪሞሉ ድረስ አንድ ሙሉ ክረምት እንደ ፈጀባቸው ሲያጫውቱኝ በድምፃቸው ውስጥ ኀፍረት አልሰማሁም። ያ ሁሉ ቀን ያለ አንዲት መስመር ማለፉን እንደ ሥራ እንጂ እንደ መዘግየት አልቆጠሩትም።

እኔን መቁጠር ያስተማረኝ የለም። ሰባተኛ ክፍል ስገባና ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር የተማርሁት መሙላትን ነው። መምህሩ ሁለት ገጽ ካሉ ሁለት ገጽ መሙላት፣ አምስት ገጽ ካሉ ፊደሉን ሰፋ ሰፋ አድርጎ አምስት ገጽ ማድረስ ነበር ሥራችን። በአማርኛ ያሰብሁትን በእንግሊዝኛ ለማስፈር ቃሉ ሲጠፋኝ፣ ሐሳቡን ትቼ ቃሉ ወዳለኝ ሐሳብ እሄድ ነበር። ይህ ልማድ አብሮኝ አድጎ እዚህ ደርሷል። ጠረጴዛ ማራገፌና እርሳስ መቅረጼም ያንን ያልተማርሁትን ቆጠራ ፍለጋ ይመስለኛል፤ ጠረጴዛው ላይ ግን አላገኘውም። የማገኘው በመንገድ ላይ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ በእግሬ ስወርድ ነው። አንዳንድ ቀን የአሜሪካን ኤምባሲን አልፌ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ስደርስ፣ ሳምንት ሙሉ እንቢ ያለኝ አንቀጽ ከነመነሻው ከነመድረሻው በልቤ ተሰድሮ አገኘዋለሁ። የሚመጣልኝ ግን ሁልጊዜ በአማርኛ ነው።

የመመረቂያ ጽሑፌ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ስለሚወርዱ እናቶች ነው። አንዲት እናት ሸክማቸውን ከድንጋይ ካብ ላይ አስደግፈው፣ ገመዱን ከደረታቸው ሳይፈቱ ያረፉበት ቦታ ላይ አነጋግሬአቸው ነበር። ገመዱ ነጠላቸውን አልፎ የቀሚሳቸውን ደረት በልቶታል፤ በተበላው ቦታ ላይ ከሌላ ጨርቅ የተቆረጠ እራፊ ጥፈውበታል። ሸክሙ ይከብድዎታል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። «ሸክሙንስ ለምደነዋል፤ ጉልበቴን የበላው ቁልቁለቱ ነው» አሉኝ። ይህችን ቃል በእንግሊዝኛ ለማስቀመጥ ስምንት ጊዜ ሞክሬአለሁ። ጉልበት ያሉት የእግራቸው መገጣጠሚያ እንደ ሆነ ስጽፍ፣ በሃያ ዓመት መውጣትና መውረድ ያለቀው አቅማቸው ይቀራል፤ አቅማቸው እንደ ሆነ ስጽፍ፣ ሲነጋገሩ ሳሉ በሁለት እጃቸው ይዘው ሲያሹት የነበረው የእግራቸው ሕመም ይቀራል። አማርኛው ሁለቱን በአንድ ቃል ይዞ ቆሟል፤ እንግሊዝኛው አንዱን ምረጪ ይለኛል። አማካሪዬ ከኅዳጉ ላይ «ግልጽ አይደለም» ብለው የጻፉትም በዚህችው ዓረፍተ ነገር አንጻር ነው።

በዚህ ሰሞን በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ውስጥ፣ ቀድሞ የተማሩ ልጆች የጻፏቸውን የመመረቂያ ጽሑፎች አገላብጥ ነበር። ዩኒቨርሲቲው በ1954 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ የተማሩ፣ ዛሬ በሕይወት ካሉ ሽማግሌዎች የሆኑ ሰዎች ናቸው። በጽሕፈት መኪና በእንግሊዝኛ ከተመታው ገጽ መካከል በአንዱ ላይ ባዶ ቦታ ተትቶ፣ በዚያ ውስጥ በሰማያዊ ቀለም፣ በጥንቃቄ፣ አንዲት የአማርኛ ቃል በእጅ ተጽፋ አየሁ። ቀለሙ ደብዝዞ ወደ ሐምራዊ ሄዷል። መኪናው ፊደል ስላልነበረው ይሆናል፤ ወይም ጸሐፊው እንደ እኔ ስምንት ጊዜ ሞክሮ እንቢ ስላለችው ይሆናል። ያ ልጅ ቃሏን እስኪያገኝ ድረስ የት የት እንደ ዞረ፣ ባዶ ቦታውን እንድትተውለትስ በመኪና የምትመታለትን ጸሐፊ ምን እንዳላት ማወቅ ፈለግሁ። ገጹን ለረጅም ጊዜ ሳልገልጥ ቆየሁ።

እሑድ ለአጎቴ ደውዬ የእንጨት ተሸካሚዋን ቃል ነገርኋቸው። ሰምና ወርቁን ከማንም ቀድመው ለይተው የትኛውን መጻፍ እንዳለብኝ የሚነግሩኝ መስሎኝ ነበር። ጥቂት ዝም አሉና «ሴትዮዋ ሲናገሩ ወዴት ነበር የሚያዩ? ወደ እግራቸው ነው ወይስ ወደ ዳገቱ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ የማየው ወደ ማስታወሻ ደብተሬ ነበር፤ የተናገሩትን ቃል በቃል ለመጻፍ ስጣደፍ ፊታቸውን አላየሁም።

ምዕራፉን ማክሰኞ ማስረከብ አለብኝ። ነገ ማለዳ ወደ ሽሮ ሜዳ ብወጣ፣ ከዚያ ካብ ሥር አገኛቸው ይሆን? ባገኛቸውስ፣ ያን ቀን የተናገሩትን ቃል እንደገና ጠይቄ ያንኑ ቃል ይመልሱልኝ ይሆን?