ባዶ ቤት ውስጥ ስድስት ልጅ የመዘገብኩ ተማሪ

ለኔ የነገረኝ ስላልነበረ ነው ይህን የምጽፈው። ከደሴ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ስመደብ የሰማሁት ምክር ሁሉ ስለ እንጀራ ነበር። አጎቴ "አካውንቲንግ ግባ፣ ሥራ አታጣም" አለኝ፤ ገባሁ። ምዝገባ፣ ዶርም፣ የኮስት ሼሪንግ ውል መሰለፍና መፈረም ብቻ ነው። ፍሬሽማን ላይ ሎጂክ የሚባል ኮርስ ነበር። "ለደመወዝ ምን ይጨምርልኛል?" ብዬ ሃንድአውቱን በፈተናው ዋዜማ ቸከልኩት። ኤ አገኘሁ። ዛሬ ከዚያ ኮርስ አንድ ነገር ብትጠይቁኝ አልመልስም።

የሚያንገበግበኝ ግን ሲቢቲፒ ነው። ላልሰማ ሰው፦ ተማሪዎች በቡድን ቀበሌ ይመደባሉ፣ ቤት ለቤት ዞረው መጠይቅ ይሞላሉ፣ የአካባቢውን ችግር ለይተው ለነዋሪው ያቀርባሉ። ልማዱ የመጣው ከጤናው ወገን ነው። የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱና የግብርና ኮሌጁ በ1992 ዓ.ም. ተዋህደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከመሆናቸው በፊት የጤና ተማሪዎች በዚህ መንገድ ሰፈር ይወጡ ነበር። እኔ ደግሞ "የሂሳብ ተማሪ ከሰው ሽንት ቤት ምን አለው?" ባይ ነበርኩ።

የተመደብንበት ቀበሌ ጸሐፊ ሦስት ቀን በላብን። መጀመሪያ "የደብዳቤያችሁ ማህተም ደብዝዟል" አለ። በማግስቱ ኃላፊው ስብሰባ ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ያንኑ የደበዘዘ ማህተም አይቶ ፈረመልን። እስካሁን ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል። ቢሆንም ቀጥሎ ለሠራሁት ሥራ እሱን ሰበብ ማድረግ አልችልም።

ድርሻዬ 14 ቤት ነበር። ሦስቱን ጠየቅሁ። ዝናቡ አላቆም አለ፤ አፋን ኦሮሞዬ ከሰላምታ አያልፍም፤ የሚያስተረጉመኝ፣ ጅማ አጠገብ ያለችው የሰቃ ልጅ፣ የራሱ ቤቶች ነበሩበት። አወይቱ ወንዝ አጠገብ አንዲት ቡና ቤት ገብቼ የቀሩትን 11 ከጭንቅላቴ ሞላሁ። ውሃ፣ ከቦኖ። የቤተሰብ ብዛት፣ ስምንት። ሁሉም አንድ ዓይነት እንዳይሆን ሁለት ቤት ላይ "መፀዳጃ የለም" አልኩ፤ እውነት እንዲመስል! የሁለት ስኒ ቡና ጊዜ እንኳ አልፈጀብኝም።

በማቅረቢያው ቀን አዳራሹ ውስጥ ሽማግሌዎችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ነበሩ። ግራፉ ያምራል። ልጅቷ እጇን አወጣች፤ ድምጿ ለስላሳ ነው።

"ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለውን ቤት ማን ነው የጠየቀው?"

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"ስድስት ልጅ ብለሃል። ማን ነገረህ?"

"እናትየዋ።"

"ሰዎቹ አጋሮ ከገቡ ሁለት ዓመታቸው ነው። ቤቱ ባዶ ነው።"

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ከፊት የተቀመጡ አንድ አባት በትራቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩና ወደ መስኮቱ ዞሩ። የቡድኑ ውጤት በኔ ምክንያት ወረደ፤ ልጆቹ ለሳምንት አላናገሩኝም። እውነት አላቸው።

ቅዳሜ የሰቃውን ልጅ ለምኜ ተመለስኩ። አንዲት እናት ጀበና ጥደው፣ እኔ ከጠየቅኋቸው በላይ እሳቸው ጠየቁኝ፤ እናትህ አለች ወይ፣ ደሴ ስንት ቀን ይወስዳል፣ ለምን ከሳህ። እኔ "ቦኖ" ብዬ የሞላሁላቸው ቤት ነው። ቦኖው ሲጠፋ ከምንጭ እንደሚቀዱ፣ ምንጩ በዝናብ ጊዜ እንደሚደፈርስ፣ ያኔ የልጅ ልጃቸው ትምህርት ቤት ቀርታ ራቅ ካለ ቦታ ውሃ እንደምታመጣ ነገሩኝ። መጠይቁ ላይ ይህ የሚጻፍበት ቦታ አልነበረም። ጀርባው ላይ ጻፍኩት። አራት ዓመት ስማር እንዲህ ቁጭ ብዬ ሰው ያዳመጥኩበት ሌላ ቀን ትዝ አይለኝም።

ለተማሪ "ከመጀመሪያው ቀን ስለ ሥራህ አስብ" ይባላል። አትስሙ፤ ሥራው የትም አይሄድም። የመውጫ ፈተናው በ2015 ለሁሉም ዲፓርትመንት ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ ተፈታኞች እኛ ነበርን፤ በሁለት ወር ቸከላ አልፌዋለሁ፣ እናንተም ታልፉታላችሁ። ሎጂኩን ግን ተማሩት። ጅማ ከተመደባችሁ ደግሞ ገና በመጀመሪያው ሴሚስተር አፋን ኦሮሞ ጀምሩ፤ አራት ዓመት በአስተርጓሚ መኖር ያሳፍራል። ሲቢቲፒን "የዕረፍት ጊዜ ነው" የሚላችሁ ሲኒየር ካለ፣ ያንን ለኔም ያለኝ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

አዲሱን መጠይቅ ይዤ ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊው ቀና ሳይል "ደብዳቤ አለህ?" አለኝ። የለኝም። በሩ ላይ የጤና ኤክስቴንሽኗ አገኘችኝና ወረቀቶቹን ከእጄ ወስዳ ቆጠረች።

"13 ናቸው፤ አንድ ይጎድላል።"

"እሱ ቤት ሰው የለበትም" አልኳት።

ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው።