«ቀላል ቀን» ብዬ የጻፍኩት ቁልቁለት

የጉዞው ፕሮግራም ላይ፣ ከአራተኛው ቀን ጎን «ቀላል ቀን» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማንም ጻፍ አላለኝም።

የብስክሌት ጉዞ በሚያዘጋጅ ድርጅት ውስጥ መንገድ አወጣለሁ። ደንበኞቻችን ከባህር ዳርቻ ተነስተው ተራራ ይወጣሉ። ሸንተረሩን ይዘው ሁለት ቀን ይነዳሉ። ከዚያ በሌላው በኩል ወደ ባህሩ ይወርዳሉ። እንዲህ ያለ መንገድ ሰው የሚወደው በምክንያት ነው። ጠዋት ጫማህ ውስጥ የገባውን አሸዋ አራግፈህ ትነሳለህ፤ ከሰዓት በኋላ ጃኬት ለብሰህ ጫካ ውስጥ ነህ። ታይዋን ውስጥ ከሁዋልየን የባህር ዳርቻ ተነስቶ ዉሊንግ የሚደርሰው መንገድ በዚህ ይታወቃል፤ በ105 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ ከባህር ወለል 3,275 ሜትር ከፍታ ላይ ያወጣል። የእኛ ተራራ የዚያ ግማሽ ቢሆን ነው። አናቱ ከ1,600 ሜትር ብዙም አያልፍም።

ያን ጊዜ መንገድ የማወጣው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ነበር። የከፍታውን መስመር አያለሁ። መስመሩ ሽቅብ ከወጣ ቀኑ ከባድ ነው፣ ቁልቁል ከወረደ ቀላል ነው። አራተኛው ቀን 62 ኪሎ ሜትር ነበር። መጀመሪያ 4 ኪሎ ሜትር ዳገት፣ ቀጥሎ 30 ኪሎ ሜትር ቁልቁለት፣ የቀረው ወደ ባህሩ የሚወስድ ሜዳ። ሦስት ቀን ሲለፉ የቆዩ ሰዎች ይረፉ ብዬ መነሻውን ከጠዋቱ 4 ሰዓት አደረግኩት። ያቺ ሰዓት ናት ብዙውን ነገር ያበላሸችው።

ዘጠኝ ደንበኞች ነበሩ። እኔ ከኋላ እየነዳሁ ነበር። መካኒካችን አጃቢ መኪናውን ይዘው ከፊት ሄደዋል። ጋሼ ነው የምንላቸው፤ እዚህ ሥራ ላይ ከማናችንም በላይ ቆይተዋል። አራቷን ኪሎ ሜትር ዳገት ወጥተን አናቱ ላይ ስንደርስ ሁሉም በላብ ርሰዋል። ጠዋት በመስኮት ያየነው ጥርት ያለ ሰማይ የለም። ጉም ወርዷል። በኋላ ሳስበው ግልጽ ነበር። ፀሐይ ስትበረታ ከባህሩ የሚመጣው እርጥብ አየር ተራራውን ተደግፎ ይወጣል፣ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ጉም ይሆናል። ማለዳ ብንነሳ ኖሮ ሳይደርስብን እናልፈው ነበር።

ቅዝቃዜውም አለ። በአማካይ 1,000 ሜትር ከፍ ባልክ ቁጥር አየሩ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከታች 24 ዲግሪ ከሆነ፣ አናቱ ላይ 14 ገደማ ነው። 14 ዲግሪ ቆሞ ለሚያወራ ሰው ምንም አይደለም። ላብ ያረጠበው ልብስ ለብሶ፣ ፔዳል ሳይመታ፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቁልቁል ለሚወርድ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው። ዳገት ላይ ሰውነትህ ይሠራል፣ ይሞቃል። ቁልቁለት ላይ ዝም ብለህ ተቀምጠህ ነፋስ ይገባብሃል። መጀመሪያ የሚደነዝዙት ጣቶች ናቸው። ፍሬን የሚይዙትም እነሱ ናቸው።

ከደንበኞቻችን መካከል በስድሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉ አንዲት እናት ነበሩ። የራሳቸውን ብስክሌት ይዘው ነው የመጡት። ጠንካራ የብረት ብስክሌት ነው፤ ፍሬኑ ዲስክ ሳይሆን ቸርኬውን ግራና ቀኝ በጎማ ቆንጥጦ የሚይዝ ዓይነት። ሻንጣቸውን መኪና ላይ አልጫንም ብለው ከኋላ ጭነውታል። በዳገቱ ከወጣቶቹ እኩል ነበሩ። ቁልቁለቱን ግን ይፈሩታል። ከኋላ ሆኜ አያቸዋለሁ፤ ጣታቸው ከፍሬኑ ለአፍታ አይነሳም። ጠንቃቃ ናቸው ብዬ ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ያሳሰበኝ ከፊት በፍጥነት ጭልጥ ያሉት ሁለቱ ጎረምሶች ነበሩ።

ቁልቁለቱን ከጀመርን 21 ኪሎ ሜትር ላይ፣ አንድ ኩርባ ጋ ስንደርስ ጧ! አለ። የኋላ ጎማቸው ነው። ብስክሌቱ ተወላገደ፣ ወደ ጠጠሩ ወጣ፣ እሳቸውም በግራ እጃቸው ላይ ወደቁ። ከመንገዱ በስተቀኝ በኩል ገደል ነበር። የወደቁት በግራ በኩል ነው።

ስደርስ ቁጭ ብለዋል። ፊታቸው ነጭ ሆኗል፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ይዘዋል። «ምንም አላደረግኩም እኮ፣ ቀስ ብዬ ነው የነዳሁት» አሉኝ። ይቅርታ የሚጠይቁ ይመስሉ ነበር። እስካሁን ጆሮዬ ላይ ያለው ከጎማው ድምፅ ይልቅ ይሄ ንግግራቸው ነው።

ጋሼ ስልክ ደውዬላቸው ተመለሱ። መጀመሪያ እናቲቱን መኪና ውስጥ አስገብተን እጃቸውን አሰርን፣ ብርድ ልብስ ደረብንላቸው። ከዚያ ጋሼ ወደ ብስክሌቱ ሄዱ። አልነኩትም። የውሃ ኮዳቸውን ከፍተው ቸርኬው ላይ ጥቂት ጠብ አደረጉ። ውሃው ቸስ አለና ደረቀ። ሁለተኛም ጠብ አደረጉ፣ ቸስ አለ። ቀና ብለው አዩኝ። «ከመነዳሪው ምን ያድርግ ልጄ?» አሉኝ። ሌላ አልተናገሩም።

ከታች ያለው ሐኪም የእጅ አንጓቸው መሰበሩን ነገራቸው። የቀሩት ስምንቱ ደግሞ ቁልቁለቱን ጨርሰው ሜዳው ላይ ሲደርሱ የባህሩ ነፋስ ጠበቃቸው። የብሱ ከባህሩ ቶሎ ይሞቃል፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲነሳ ከባህሩ በኩል ቀዝቃዛ አየር ቦታውን ሊሞላ ይመጣል። ረፋድ ላይ ይጀምራል፣ ከቀኑ 8 እና 9 ሰዓት ላይ ይበረታል። ወደ ባህር የሚነዳ ሰው በዚያ ሰዓት ነፋሱን ፊት ለፊት ነው የሚጋፈጠው። ያቺን 28 ኪሎ ሜትር ሜዳ ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀችባቸው። «ቀላል ቀን» ተብለው ነበርና የሚበላም የሚጠጣም በቂ ነገር አልያዙም። አንዱ ጎረምሳ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ አገኘሁት።

ያን ቀን ማታ አልተኛሁም። ወረቀት ይዤ ሂሳብ ሠራሁ። እናቲቱ፣ ብስክሌታቸውና ሻንጣቸው በድምሩ 100 ኪሎ ገደማ ይሆናሉ። እስከዚያ ኩርባ ድረስ 1,200 ሜትር ያህል ወርደዋል። ይህ ወደ 1.2 ሚሊዮን ጁል ጉልበት ነው። 3 ሊትር ተኩል ውሃ ከ20 ዲግሪ አንስቶ ለማፍላት ይበቃል። ይህ ሁሉ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። በፍጥነት የሚወርድ ሰው አብዛኛውን ለአየሩ ይሰጣል፤ ነፋሱ ራሱ ይይዘዋል። ቀስ ብሎ፣ ፍሬን ሳይለቅ የሚወርድ ሰው ግን ከሞላ ጎደል ሁሉንም የሚያስገባው ቸርኬው ውስጥ ነው። ቸርኬው ይግላል፣ ጎማው ውስጥ ያለው አየር ግፊቱ ይጨምራል፣ ከመነዳሪው ይፈነዳል። ጥንቃቄ ብዬ በደስታ ሳየው የነበረው ነገር ነው ጎማቸውን ያፈነዳው። ማንም ደግሞ አልነገራቸውም። መንገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ሥራ አስኪያጃችን መጀመሪያ ላይ ነገሩን እንደ ዕድል ነው ያዩት። ጎማ ይፈነዳል፣ ሰው ይወድቃል፣ አሉ። «ቀላል ቀን» የሚለውን ማስታወቂያ ላይ ደንበኛ ይወደዋል፣ አናንሳው አሉ። እኔ ይነሳ አልኩ። የሃዋዩን ሃሌአካላ፣ ብሔራዊ ፓርክ የሆነውን ተራራ፣ አነሳሁላቸው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው አናቱ በብስክሌት ቁልቁል የሚያስወርዱ ድርጅቶች ነበሩ፤ ሰው እየሞተ ሲያስቸግር፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የፓርኩ አስተዳደር በፓርኩ ክልል ውስጥ ይህን ንግድ አስቆመ። እዚያ የሚሄደው ሰው ፔዳል እንኳ ብዙ መምታት አይጠበቅበትም ነበር። ይህን ስነግራቸው ዝም አሉ። በሳምንቱ ማስታወቂያው ተቀየረ።

አሁን አራተኛው ቀን የሚጀምረው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ማለዳ ጉም አልተነሳም፣ ነፋሱም ገና ከየብስ ወደ ባህር ነው፣ ከኋላ ይገፋል። አናቱ ላይ ሁሉም ቆሞ የረጠበውን ካናቴራ ይቀይራል፣ ነፋስ የማያስገባ ጃኬትና ሙሉ ጓንት ይለብሳል። ሻንጣ መኪና ላይ ይጫናል፤ በዚህ አንደራደርም። 300 ሜትር ቁልቁል በወረድን ቁጥር እንቆማለን። ፍሬን አያያዙንም ጋሼ ራሳቸው ከዋዜማው ጀምረው ያስተምራሉ። ከኩርባው በፊት ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ ከዚያ ልቀቅ፣ ቸርኬው አየር ያግኝ። ቀጥ ብለህ ተቀመጥ፣ ደረትህ ራሱ ፍሬን ነው። እጅህ ከዛለ ደግሞ ውረድና ቁም።

መንገድም ከኮምፒውተር ብቻ አላወጣም። የማወጣውን ሁሉ ደንበኛ በሚያልፍበት ሰዓት ሄጄ እነዳዋለሁ። ከከፍታው መስመር ሥር ሰዓት እጽፋለሁ፤ እዚህ ቦታ በስንት ሰዓት፣ ነፋሱ ከየት በኩል።

ያልተፈታው ጉሙ ነው። አንዳንድ ቀን ማለዳም አይለቅም። ባለፈው ወቅት ሁለት ጊዜ አናቱ ላይ አስቁሜ ሁሉንም በመኪና አውርጃለሁ። በሁለተኛው ጊዜ አንድ ሰው በጣም ተቆጣ። ይህን ቁልቁለት ብሎ ነው ከሩቅ የመጣው፣ ገባኝ። ብስክሌቱን መኪናው ላይ እያሰርኩለት ሳለ ደጋግሞ «20 ሜትር ይታያል እኮ» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው፣ ወደ 20 ሜትር ይታይ ነበር። እኔ ግን የምቆጥረው ኩርባዎቹን ነበር፤ እስከ ታች 43 ናቸው። ገመዱን አጥብቄ አሰርኩና በሩን ከፈትኩለት።