ክሊን

ዛሬ ማታ ሐሳቤን የያዘው ክሊን የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ንጹሕ ማለት ነው። እንግሊዝኛ የጀመረ ሁሉ ቶሎ የሚያውቀው፣ ሳሙናና መጥረጊያ ባሉበት የማይጠፋ ተራ ቃል። ተራ በመሆኑም ይመስለኛል የዘር ሐረጉን የሚጠይቅ የሌለው።

ከሺህ ዓመት በፊት፣ በጥንታዊው እንግሊዝኛ፣ «ክሌነ» ነበር የሚባለው። ጀርመንኛ ውስጥ የሥጋ ዘመድ አለው፤ «ክላይን» ይባላል፣ ትርጉሙም «ትንሽ» ነው። እዚህ ላይ ቆም አልኩ። ንጹሕን ከትንሽ ጋር ምን አዛመደው? የቋንቋ ሊቃውንት የሁለቱም መነሻ «የሚያበራ፣ ጥርት ያለ» የሚል ነው ይላሉ። እንግሊዝኛው ከዚያ ተነሥቶ ወደ ንጽሕና አለፈ። ጀርመንኛው ግን ከሚያበራው ወደ ያማረው፣ ካማረው ወደ ረቂቁ እያለ ሄዶ ትንሽ ላይ አረፈ።

እኔን የገረመኝ እዚህ ጋ ነው። ዛሬ አንድን ነገር ንጹሕ ነው ስንል የምናወራው ስለሌለው ነገር ነው፤ እድፍ የለበትም፣ አቧራ የለበትም። ቃሉ ሲነሣ ግን የሚያየው ያለውን ነበር፤ ብርሃኑን። የኛው «ጠራ» ይህን ጠባይ እስካሁን አልጣለም። ውሃ ሲጠራ ደለሉ ዘቀጠ ማለት ብቻ አይደለም፣ እስከ ታች ያሳያል። ሰማይም ይጠራል፣ ማንም ሳያጥበው።

ክሊን ከዕቃና ከልብስ አልፎ ልብ ውስጥም ገብቶ ነበር። «ልበ ንጹሖች ብፁዓን ናቸው» የሚለው የማቴዎስ ወንጌል ቃል በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ክሌን» እና «ልብ» ተጋጥመው ነው የተጻፈው፤ ልክ እንደ ልበ ንጹሕ። በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የወጣው የዊክሊፍ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉምም ቃሉን አልተወውም። እ.ኤ.አ. በ1526 እንግሊዛዊው ተርጓሚ ቲንደል ሲተረጉመው ግን «ፒዩር» አለ፤ እሱም ንጹሕ ማለት ነው፣ ግን ከላቲን ተነሥቶ በፈረንሳይኛ በኩል የገባ እንግዳ ነው። ባለአገሩ ቀስ በቀስ ወለልና ሳህን ላይ ተገፋ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቆጨኝ። ደግነቱ ጨርሶ አልተባረረም፤ «ንጹሕ ልብን ፍጠርልኝ» የሚለው የዳዊት መዝሙር በ1611ዱ የንጉሥ ጄምስ ትርጉም ዛሬም «ክሊን ሃርት» ነው።

«ማጽዳት» የሚለው ግስም ድሮ ሌላ ነበር፤ «ክሌንዝ»። ክሊን ራሱ ግስ የሆነው በ15ኛው መቶ ዘመን አካባቢ ነው። ከዚያ ወዲህ የቤቱን ሥራ እሱ ወሰደ፣ ለአሮጌው ክሌንዝ ፊትና ነፍስ ቀሩለት። የፊት ቅባት ሻጮች ይህን ሥነ መለኮታዊ ቃና ያወቁበት ይመስላል!

ከሁሉ ያሳቀኝ ግን ሌላ ነው። ክሊን ከጥንት ጀምሮ «ፈጽሞ፣ ሙሉ በሙሉ» የሚል ትርጉምም አለው። በዚሁ በ1611ዱ ትርጉም መጽሐፈ ኢያሱ 3፥17 ላይ ሕዝቡ ዮርዳኖስን «ክሊን» ተሻገረ ይላል። ላላወቀ ሰው ታጥበው የወጡ ይመስላል፤ በደረቅ መሬት ነው ደግሞ የተሻገሩት። የሚለው ግን ጨርሰው ተሻገሩ ነው። ዛሬም እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ክሊን ፎርጎት» ሲል ጭራሽ ረሳሁት ማለቱ ነው። ለአማርኛ ጆሮ ይህ እንግዳ አይደለም፤ እኛም ምግቡን ጥርግ አድርጎ በላው እንላለን፣ ሰዉ ጥርግ ብሎ ወጣ እንላለን።