ውሻው የማን ይሆናል?

ውሻ ላመጣ ነው። ማለቴ፣ ላመጣ እያሰብኩ ነው። የምኖረው በኪራይ ቤት ነው፤ ያውም ከሁለት ደባሎች ጋር። ስለዚህ ነገሩ በእኔ ፍላጎት ብቻ አያልቅም።

ሰው ሁሉ የሚያስፈራራኝ በአከራዩ ነው። ውላችን ላይ ስለ እንስሳ አንድም ነገር አልተጻፈም። አንደኛዋ ደባሌ "ካልተከለከለ እንደተፈቀደ ነው" ትላለች። እንዲህ ዓይነቱ ብልጠት አይዋጥልኝም። ውሻ ተደብቆ አይኖርም፣ ይጮኻል። ከጎረቤት ከሚሰሙ ከእኔ ቢሰሙ ይሻላል። እሺ ካሉም በጽሑፍ እፈልገዋለሁ፤ በሩን ቢቧጭረው ማን ያሳድሳል፣ ማስያዣው ላይ ይጨመራል ወይ፣ ግቢ ውስጥ ይፈታል ወይ። እምቢ ካሉ ደግሞ አለቀ።

እንቅልፍ የነሳኝ የደባሎቼ ነገር ነው። ሁለቱም "እናምጣ፣ እናምጣ" እያሉ ነው። ስም ማውጣት ሁሉ ጀምረዋል። ትናንት እራት ላይ "ሌሊት ሽንቱ ሲመጣ ማን ይነሳል?" አልኩ። ዝም። አንዷ ስልኳን አነሳች። ሌላዋ "በተራ ነዋ" አለች። በተራ! ሽንት ቤት የማጽዳት ተራችንን እንኳ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፈነው በየሳምንቱ እንጨቃጨቃለን።

የሁለት ወር ቡችላ ከሁለት ሦስት ሰዓት በላይ ሽንቱን መያዝ አይችልም። ሁላችንም ሥራ ስንውል ወለሉ የሱ ነው ማለት ነው። አራት ወር ገደማ ሲሆነው 28ቱ የወተት ጥርሶቹ መነቃቀል ይጀምራሉ፤ ያኔ ያገኘውን ሁሉ ያኝካል። የእኔን ጫማ ቢያኝክ ችዬ አልፋለሁ። የሰው ቻርጀር ቢበላስ? ክትባቱም አለ። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜው ጀምሮ እስከ 16 ሳምንቱ ድረስ በየሦስት አራት ሳምንቱ ይደጋገማል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ደግሞ ለድርድር አይቀርብም፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ሰውም ውሻም ይተርፋል ማለት ዘበት ነው። ቸኮሌትና ዘቢብ የትም ጥሎ መሄድም ይቀራል፣ ለውሻ መርዝ ናቸው። ማታ ማታ ሶፋው ላይ ቸኮሌቷን በትና የምትተኛዋ ደባሌ ይህን ስነግራት "ኧረ ባክሽ!" ብላ ሳቀች። አልቀለድኩም።

"ለሦስት እንያዘው" በሚለው ግን ፈጽሞ አልስማማም። የኪራይ ውላችን የአንድ ዓመት ነው። ውሻ 10 ዓመት፣ 13 ዓመት ይኖራል። በመሀል አንዷ ታገባለች፣ አንዷ ሥራ ቀይራ ትሄዳለች። ሶፋውን ሸጠን ገንዘቡን እንካፈላለን። ውሻውንስ? የሦስታችን የነበረው ያን ዕለት የማንም እንዳይሆን እሰጋለሁ። ስለዚህ የእኔ ይሁን። የክትባት ወረቀቱ ላይ የእኔ ስም ይጻፍ፣ የሕክምናውን ወጪ እኔ ልቻል፣ ሌሊትም እኔው ልነሳ። ካገዙኝ ውለታቸው ነው፤ ካላገዙኝም ቅር አይለኝም። (ይህቺን መጻፉ ቀላል ነው።) ስንለያይም ውሻ የሚቀበል ቤት እየፈለግኩ መንከራተቱ የእኔ ዕዳ ነው።

አንድ ያልለየለት ነገር ቀርቷል። ሁለተኛዋ ደባሌ መንገድ ላይ ውሻ ስታይ ክንዴን ጨምድዳ ትይዛለች። "ቡችላ እኮ ነው፣ እለምደዋለሁ" ትለኛለች። ደስ እንዲለኝ ብላ እንደሆነስ? ቡችላ ደግሞ ብዙ ሳይቆይ ትልቅ ውሻ ነው። ቅዳሜ ትልቅ ውሻ ያላት ጓደኛዬ ጋ ይዣት እሄዳለሁ። እዚያ ዘና ካለች ሰኞ አከራዩ ጋ እደውላለሁ። ካልሆነላት አልደውልም፤ ቤቱ የሷም ነው።