ሐይቅ እስጢፋኖስን እንደ ትምህርት ቤት

የተማርኩት አዲስ አበባ፣ ቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤት ነው። የካቶሊክ ነው፣ የወንዶች ብቻ። ይህን ስናገር ብዙ ሰው የሚለኝ አንድ ነው፤ «ሴት የሌለበት ትምህርት ቤት ደግሞ ምን ይሉታል?» ፈረንጅ ያመጣው ልማድ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ወሎ ውስጥ፣ ሐይቅ ላይ፣ ወንዶች ብቻ የሚያድሩበትና የሚማሩበት ትልቅ ትምህርት ቤት ከሰባት መቶ ዓመት በፊት ነበረን። ዛሬም አለ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። ገዳምነቱን የማያውቅ የለም። ትምህርት ቤትነቱን የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው፤ እኔን የሚቆረቁረኝም ይኸው ነው። ስለዚህ ሄጄ ላየው ተነሳሁ። ታናሽ እህቴም የእናታችንን ዘመዶች ልትጠይቅ አብራኝ መጣች።

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስተን፣ ጣርማ በርን አልፈን፣ ሸዋ ሮቢት ቁርስ በልተን፣ ከሰዓት በኋላ ኮምቦልቻ ገባን። ስለዚያ መንገድ የምጽፈው የለኝም፤ አብዛኛውን እንቅልፍ ወስዶኛል። ከኮምቦልቻ በኋላ ግን ዓይኔን አልከደንኩም። የሐረጎ ዳገት እየተጠማዘዘ ይወጣል። ከታች ሹራብ የሚያስወልቅ ሙቀት ነበር፤ ላይ ስንደርስ እህቴ ነጠላዋን ተከናነበች። ደሴ ገባን ማለት ነው።

መናኸሪያው በር ላይ ባጃጅ ያዝን። ልጁ እስከ ሆቴላችን 300 ብር አለን። ሻንጣ ይዘናል፣ ደክሞናል፣ ከፈልን። በማግስቱ ያንኑ መንገድ በ80 ብር ተመለስንበት። ያናደደኝ ገንዘቡ አይደለም። እናቴ ወሎዬ ናት። የወሎን እንግዳ ተቀባይነት ከእሷ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። የመጀመሪያው ሰላምታ እንዲህ መሆኑ ከነከነኝ።

ሌሊቱ ደግሞ ባሰ። ከክፍላችን በታች ያለው ቤት ሙዚቃውን እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት አላቋረጠም። እሱ ዝም ሲል ተራው የቧንቧው ሆነ። ቀን ሙሉ ጠፍቶ የዋለው ውኃ 10 ሰዓት ላይ መጣና ግድግዳው ውስጥ ሲያጉረመርም ቀሰቀሰን። ብርዱም ቀላል አልነበረም፤ አንድ ብርድ ልብስ ለደሴ አይበቃም። ሲነጋ ግን አስተናጋጇ ማንም ሳይጠይቃት ሁለት ባልዲ የሞቀ ውኃ በራችን ላይ አስቀምጣ «በሉ ሸጎች፣ ሳይቀዘቅዝ ተጣጠቡ» አለችን። ግማሹን ቂሜን እዚያው ተውኩት።

ደሴ ውስጥ ደስ ያለኝ የትምህርት ቤቶቹ ስም ነው። አንዱ በእቴጌ መነን እናት በወይዘሮ ስሂን የተሰየመ ነው። ሌላው በመምህር አካለ ወልድ፣ በቦሩ ሥላሴ መጻሕፍት ያስተምሩ በነበሩት ሊቅ። ደብተር ይዞ የሚገባ የዘመናዊ ትምህርት ቤት ልጅ በየቀኑ የአንድ የየኔታን ስም በሩ ላይ እያነበበ ይገባል። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ስም ፈልጌ ቶሎ የሚመጣልኝ የለም፤ ይህ ያስቀናኛል።

ሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተ ሰሜን፣ በወልድያ መንገድ፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገባችን አንዲት እናት ተቀምጠዋል። ሻሻቸውን እያስተካከሉ ከየት እንደመጣን፣ የማን ልጆች እንደሆንን፣ ወዴት እንደምንሄድ አንድ በአንድ ጠየቁን። እስጢፋኖስ ስንላቸው «ኧረ ሸጋ፣ ሸጋ!» አሉ። «የኔም ልጅ ደረሳ ነው፤ ከሼኹ ዘንድ ነው ያለው። ዒልም የፈለገ ልጅ ከእናቱ ቤት መራቅ አለበት።» ስንወርድ ሳንጠይቃቸው አንድ ባጃጅ ጠሩልንና ልጁን «እነዚህ የእስጢፋኖስ እንግዶች ናቸው። እንዳትበድላቸው፣ ወላሂ እጣላሃለሁ» አሉት። ልጁም ሌላውን ሰው የሚያስከፍለውን አስከፈለን። የትናንቱ 300 ብር ከልቤ የወጣው ያን ጊዜ ነው።

ዒልም፣ ማለትም ዕውቀት፣ ፍለጋ ከቤት መውጣት ያሉት ነገር እውነት ነው። ወሎ በሁለቱም በኩል የተማሪ አገር ነው። ደረሳው ወደ ሼኹ፣ የቆሎ ተማሪው ወደ የኔታው ይሄዳል። ሁለቱም ልጅነታቸውን የሚያሳልፉት በሰው ደጅ ነው።

ሐይቁ ሲታይ ሰማያዊ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ዙሪያው ተራራ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለው፤ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር ያልፋል ይላሉ ያጠኑት። ገዳሙ በጥንት ጊዜ ደሴት ነበር። ዛሬ በአንድ በኩል ከየብስ ጋር ስለተያያዘ በእግር ይገባል። ደሴት መሆኑ ለትምህርት ቤት ምን ያህል እንደሚመች ቦታው ላይ ሲቆሙ ይገባል። ገበያ የለም፣ ግርግር የለም፣ ያኔ የሚያሸሽ መንገድም አልነበረም።

በሩ ላይ እህቴ ቆመች። ሴት አይገባም። ተቀይማለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሷ ግን «ያንተም ትምህርት ቤት ቢሆን በር ላይ ነበር የምጠብቅህ» አለችና ጥላ ፈልጋ ተቀመጠች። እውነቷን ነው። ሁልጊዜ ደወል እስኪደወል በር ላይ ትጠብቀኝ ነበር።

የተቀበሉኝ አባ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። የመጣሁበትን ስነግራቸው «ትምህርት ቤቱን» ማለቴን ወደዱት። እየመሩኝ ያወጉኝ ከሞላ ጎደል ይህ ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዳህና ተወልደው፣ ደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ዘንድ ተምረው፣ በ1240 ዓ.ም. ገደማ እዚህ መጡ። ቤተ ክርስቲያኑ ከእሳቸው በፊትም ነበረ። እሳቸው ያመጡት የትምህርት ጉባኤውን ነው። ከ40 ዓመት በላይ አስተማሩ፣ ገዳሙን መሩ፤ በ1285 ዓ.ም. ገደማ አረፉ። በዓላቸው ኅዳር 26 ነው።

አሁን ተማሪዎቻቸውን ተመልከቱ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ደብረ ሊባኖስ የሆነውን ገዳም ከመመሥረታቸው በፊት እዚህ ወደ አስር ዓመት ተቀምጠዋል። የጣናው ዳጋ እስጢፋኖስ አባት አባ ሂሩተ አምላክ ከዚህ የወጡ ናቸው። በ1262 ዓ.ም. የነገሠው ይኩኖ አምላክም በልጅነቱ እዚህ ተምሯል ይላል የገዳሙ ትውፊት። ከዚያ በኋላ የሐይቁ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት እየተባለ በነገሥታቱ ቤት ከታላላቆቹ አንዱ ሆነ። አንድ ትምህርት ቤት በአንድ መምህር ዘመን ይህን ያህል ሰው ካወጣ፣ ስለ ኢትዮጵያ ትምህርት ታሪክ የሚናገር ሁሉ ከዚህ መጀመር አለበት ብዬ አምናለሁ። እኛ ትምህርት ቤት ስንማር ግን የትምህርት ታሪክ ሲባል የሚጀምረው ከዳግማዊ ምኒልክ ነበር።

ከሁሉ የገረመኝ ወንጌሉ ነው። ኢየሱስ ሞዓ በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡት የብራና ወንጌል አለ። ሥዕላቸው ውስጡ አለ፤ ከዘመናት በኋላ የተሣለ ሳይሆን በራሳቸው ዘመን የተሣለ። የሰጧቸው መጻሕፍት ዝርዝርም እዚያው ተመዝግቧል። ማለትም ቤተ መጻሕፍቱ የራሱ መዝገብ ነበረው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የግራኝ አሕመድ ጦር ሐይቁን ተሻግሮ የገዳሙን ሀብት ሲወስድ ብዙ ነገር ሄዷል። ይህ ወንጌል ግን ተርፎ እኛ ዘንድ ደርሷል። ብራናው እንደልብ አይገለጥም፤ አባ የነገሩኝን ይዤ ነው የወጣሁት። አልከፋኝም። ለሁሉ መንገደኛ ቢገለጥ ኖሮ እስከ ዛሬ አይደርስም ነበር።

ከዛፍ ሥር ሁለት ልጆች ነበሩ። ትንሹ አሥራ ሁለት ዓመት አካባቢ ይሆነዋል፤ ከዋድላ ነው የመጣው፣ ከቅኔው አገር። ጉልበቱ ላይ ዳዊት ዘርግቷል። የመጽሐፉ ጠርዝ በእጅ ብዛት ጠቁሯል። ጣቱን አያሳርፍበትም፤ በስንደዶ ነው ቃሉን የሚከተለው። ትልቁ ልጅ አጠገቡ ሆኖ መጽሐፉን ሳያይ ያስቀጽለዋል። ትንሹ አንድ ቃል ላይ ሲያነሳና ሲጥል ትልቁ ዝም ብሎ ጠበቀው። ደግሞ ሞከረ፣ ተሳሳተ። ሦስተኛው ላይ ሲያገኘው ስንደዶዋ ወደ ቀጣዩ መስመር ወረደች። ማንም አልተቆጣ፣ ማንም አላጨበጨበ።

ይህን ሳይ የራሴ ትምህርት ቤት መጣብኝ። የእኛን ትምህርት ቤት የከፈተውን የብራዘሮች ማኅበር የመሠረተው ዮሐንስ ባፕቲስት ዴላሳል ነው፣ የፈረንሳይ ሰው። እ.ኤ.አ. በ1680 ሪምስ ከተማ መምህራንን ሰብስቦ ጀመረው። ብራዘሮቹ ቄሶች አይደሉም፤ ሥራቸው ማስተማር ብቻ ነው። አዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍን የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ዴላሳል በዘመኑ ያመጣው ትልቅ ለውጥ ሁለት ነው። አንድ፣ ልጆችን አንድ በአንድ መጥራት ቀርቶ ክፍሉን ሙሉ በአንድ ጊዜ ማስተማር። ሁለት፣ በላቲን ፋንታ ልጆቹ በሚናገሩት ቋንቋ ማስነበብ። የሐይቁ መንገድ ተቃራኒው ነው። እዚህ ልጁ የሚማረው ብቻውን ነው፣ በራሱ ፍጥነት፣ ያውም በግእዝ። በእኛ ክፍል ስልሳ ሆነን ስንማር ወደ ኋላ የቀረ ልጅ እንደቀረ ይቀራል። እዚህ ቃሉን ሳይጨርስ ማንም አያልፍም። እኔ ከብራዘሮቹ ሥርዓትንና ሰዓት ማክበርን ተምሬያለሁ፣ አመሰግናቸዋለሁ። ትዕግሥቱን ግን እዚህ ዛፍ ሥር ነው ያየሁት።

አንድ የሚያደርጋቸው ነገርም አለ። እኛ ዘንድ ትምህርት ሲጀመር «በእግዚአብሔር ፊት መሆናችንን እናስብ» ይባላል፤ የዴላሳል ትምህርት ቤቶች ሁሉ ጸሎት ነው። ይህን ለአባ ስነግራቸው «ታዲያ ሌላ የት ልትሆኑ ነው?» ብለው ሳቁ። ከዚያም የአባ ጊዮርጊስን ነገር አመጡ። አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ፣ የመጽሐፈ ምሥጢርና የሰዓታቱ ደራሲ፣ እዚሁ ሲማሩ ትምህርት አልገባ ብሏቸው ለዓመታት ለማኅበሩ እህል ይፈጩ ነበር ይላል ገድላቸው። እመቤታችን ጽዋ ካጠጣቻቸው በኋላ ነው አእምሯቸው የበራው። «እኛ ሰነፍ ተማሪ አናባርርም» አሉኝ አባ። «ወፍጮው አጠገብ የቱ ጊዮርጊስ እንዳለ ምን ይታወቃል?»

እርግጥ ካቶሊክና ወሎ ሲነሱ የሚከብድ ታሪክም አለ። በ1870 ዓ.ም. ከደሴ ብዙ በማይርቀው ቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ ተደረገ፤ ከዓመት በኋላ የካቶሊክ ሚስዮናዊው አባ ማስያስ ከአገር እንዲወጡ ተደረጉ። ዛሬ ደግሞ በ2007 ዓ.ም. የተቋቋመ የባሕር ዳርና የደሴ ካቶሊካዊ ሀገረ ስብከት አለ። የካቶሊክ ተማሪ ነኝ ብዬ ገዳሙ ውስጥ የቀዘቀዘ ፊት ይጠብቀኛል ብዬ ነበር። የጠበቀኝ ጠላና ንፍሮ ነው።

ስወጣ እህቴ ሁለት መነኮሳይያትን ወዳጅ አድርጋ ጨዋታ ይዛለች። ከተማ ተመልሰን ከሐይቁ የወጣ ቆሮሶ ተጠብሶ በላን፤ ከአዲስ አበባው ግማሽ ዋጋ ነው፣ ጣዕሙም አይገናኝም። እየበላን ያየሁትን ሁሉ ስነግራት ስለ ወንጌሉ ደጋግማ ጠየቀችኝ። ሥዕሉ ምን ይመስላል? ዝርዝሩ ውስጥ ምን ምን መጽሐፍ አለ? መልስ አልነበረኝም።

ሥርዓቱ ይለወጥ አልልም። ገዳም ነው፣ ሰባት መቶ ዓመት የቆመበት ሕግ ነው። ነገር ግን ከበሩ ውጭ አንዲት ክፍል ብትሠራ፣ የወንጌሉ ፎቶግራፍ፣ የመጻሕፍቱ ዝርዝርና ከዚህ የወጡት ሊቃውንት ስም ቢሰቀልባት፣ የአገሪቱ ግማሽ ሕዝብም የአገሩን የጥንት ትምህርት ቤት ያውቅ ነበር። ብራናውም አይነካም። አመሻሽ ላይ ወደ በሩ ተመልሰን ይህንኑ ለአባ ነገርናቸው። ጥቂት አሰቡና «ለማኅበሩ አቀርበዋለሁ፤ ግን ክፍሏን ማን ይሠራታል?» አሉ። የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራችን በየዓመቱ ገንዘብ ያሰባስባል፤ የዘንድሮውን በምን ላይ እንደምናውለው ገና አልተወሰነም። ሐሳቡን ጽፌ ለሰብሳቢው ልኬዋለሁ፣ እህቴም የክፍሏን ንድፍ የምትሠራ የሥራ ባልደረባ አለችኝ ብላለች።