ክንድ መስጠት
ባሕር ዳር ውስጥ ዓይነ ስውር ተማሪን ጎትቶ አስፋልት የሚያሻግር ደግ ሰው ሞልቷል። ደግነቱ ባይከፋም አያያዙ ልክ አይደለም፤ የተጎተተ ሰው መሬቱን በእግሩ መዳሰስ አይችልም። ተማሪዎቹ ራሳቸው የሚያስተምሩት ሌላ ነው። መጀመሪያ ስምህን ተናገር፣ «ላግዝህ?» በል፣ ከክርንህ ከፍ አድርጎ እሱ ይያዝህ። ግማሽ እርምጃ ቅደም። ጠባብ ቦታ ስትደርሱ ክንድህን ወደ ጀርባህ አዙር፤ ይገባውና ከኋላህ ይሆናል። የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቆም በልና «ወደ ታች» በለው። ነጭ በትሩ ከወገብ በላይ ያለውን አይነግረውም፤ የተንጠለጠለ የዘንባባ ቅጠል ፊቱን የሚገርፈው ለዚህ ነው። አንዴ ዝም ብለህ ቦይ ውስጥ ከገባ፣ ከዚያ ወዲያ ክንድህን ሲይዝ ጣቶቹ ጭምድድ ያደርጉሃል። እምነት መጉደሉ እዚያ ጣት ላይ ይታወቃል። ስትለየው ደግሞ «ሄድኩ» በል፤ ለባዶ ቦታ ሲያወራ እንዳትተወው።